ከማዕድ በኋላ የሚነሳ የደረት ሕመም

(በሐዋሳ ከተማ በአንድ የሰፈር ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ማብቂያ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በስተቀር እንደተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ የዕድራችን ሰብሳቢና የኮሚቴ አባላት፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! የጉባኤው ጉዳይ አልቆ ወደየቤታችሁ መሄድ ስትችሉ እኔን ለማዳመጥ በመቆየታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድር የተቋቋመው የሞተን ለመቅበርና ሐዘንተኛን ለማጽናናት ነው፤ የእኛ ዕድር ግን አባላቱ በሕይወት ሳሉ ስለ ጤናቸው እንዲነጋገሩ ሰዓት መመደቡ እኔን እንደ ሐኪምም እንደ ጎረቤትም እጅግ ደስ አሰኝቶኛል።

ዛሬ የምናገረው ምግብ ከበላን በኋላ ስለሚነሳ የደረት ሕመም ነው። በውስጥ ደዌ ሕክምና በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በሥራ ቦታዬም ሆነ በለቅሶ ድንኳን፣ በቡና ላይም ሆነ በመንገድ፣ ደጋግሜ ከሰማኋቸው አቤቱታዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ምግብ ስበላ ደረቴን ያመኛል፤ ይፋጀኛል፤ እዚህ ላይ ይቆምብኛል።» ቀጥሎም፣ እኔ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ ፍርዱ ይከተላል፦ «ጨጓራ ነው መሰለኝ።» ይህ ከተባለ በኋላ አንዱ ጎረቤት ተልባ ይመክራል፣ ሌላው ወተት ጠጣ ይላል፣ ሦስተኛው ከመድኃኒት ቤት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ገዝቶ ያመጣል፤ ሕመሙ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ግን የለም። እኔ ዛሬ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ምግብ ሕመሙ የተነሳበትን ሰዓት ይነግረናል እንጂ ሕመሙ የተነሳበትን አካል አይነግረንም። ከአንድ ማዕድ በኋላ የሚያመን ልብ ሊሆን ይችላል፤ የምግብ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፤ ጨጓራ፣ ሐሞት ከረጢት ወይም ቆሽት ሊሆን ይችላል። አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚረዳን ሕመሙ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ስንቀመጥና ስንተኛ ምን እንደሚሆን፣ ስንውጥ ይብስ እንደሆነ፣ ስንራመድስ ይነሳ እንደሆነ ማስተዋል ነው።

ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ ስለ ልብ ጥቂት እናገራለሁ። ሁለተኛው ክፍል ስለ ምግብ መፍጫ አካላት ነው፤ ረጅሙም እሱ ነው። በመጨረሻም በቤታችን ልናደርገው ስለሚገባንና ወደ ሕክምና መሄድ ስላለብን ጊዜ እናነሳለን።

በመጀመሪያ ስለ ልብ። ስለ ምግብ ልናገር ቆሜ በልብ የጀመርሁት ለምንድን ነው? በልብ ላይ መሳሳት ሰው ስለሚገድል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1768 በለንደን ለሐኪሞች ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ዛሬ ከልብ ደም ቧንቧ መጥበብ እንደሚመጣ የምናውቀውን የደረት ሕመም ሲገልጽ፣ ሕመሙ ሰውን የሚይዘው በእግር ሲሄድ፣ ይልቁንም ዳገት ሲወጣና ምግብ ከበላ ብዙም ሳይቆይ እንደሆነ አስፍሯል። ይህ ሰው የልብ መመርመሪያ መሣሪያ ሳይፈጠር፣ ሕመምተኞቹን በማዳመጥ ብቻ፣ የልብ ሕመም ከምግብ በኋላ እንደሚነሳ ተረድቶ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ እናውቀዋለን። ከከባድ ምግብ በኋላ ወደ ጨጓራና አንጀት የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ልብም ይህን ለማድረስ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል፤ የልቡ ደም ቧንቧዎች የጠበቡበት ሰው ግን ለዚህ ተጨማሪ ሥራ የሚበቃ ደም ወደ ልብ ጡንቻው ስለማይደርስ ያመዋል። በልቶ ወዲያው ዳገት የሚወጣ ወይም ሸክም የሚያነሳ ሰው ይህን ያብስበታል። በልቶ ጫት ይዞ የሚቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር ያለው ግንኙነትም በጥናት ታይቷል።

ማንነቱን የሚያሳውቀውን ሁሉ ትቼ ስለ አንድ መምህር ልንገራችሁ። ዕድሜው ሃምሳዎቹን አልፏል፤ ስኳር አለበት፤ ሲጋራም ያጨስ ነበር። ፋሲካን ከቤተሰቡ ጋር ፈስኮ ማታውን ደረቱ መሃል ላይ ክብደት ተሰማው። ሁሉም ሁለት ወር ጾሞ በአንድ ቀን ዶሮና ክትፎ ስለ በላ ጨጓራው ተቆጣ አሉ። የጨጓራ ሽሮፕ ተሰጠው፤ ጠጣ፤ አገሳ፤ ትንሽም ቀለለው። ቤተሰቡም ተረጋግቶ ተኛ። ሊነጋ ሲል ላቡ አንሶላውን አርሶት፣ መንጋጋውን እያመመው፣ መቆም አቅቶት አመጡት። በተነሳው ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚያሳየው ምርመራ፣ ላይ የልብ ጡንቻው እየተጎዳ መሆኑ በግልጽ ይታይ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል፤ ዛሬም በሐይቁ ዳር በእግሩ ሲሄድ አገኘዋለሁ። የቤተሰቡ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ «አግስቶ ቀሎት አልነበረም እንዴ?»

እናንተስ በዚያ ቤት ብትሆኑ እንደዚያ አትሉም ነበር? ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። ማግሳት ወይም የጨጓራ ሽሮፕ ማቅለሉ ሕመሙ ከጨጓራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የልብ ሕመም በራሱ ጊዜ ለጥቂት ሊላላ ይችላል፤ በዚያው ደቂቃ የጠጣነው ነገር ምስጋናውን ይወስዳል። በተቃራኒውም፣ ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን የተኮማተረ የምግብ ቧንቧንም ስለሚያላላ፣ እሱ ማዳኑም ሕመሙ የልብ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። አንድ ጊዜ የተነሳ ኢሲጂ ደህና መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ ኢሲጂውን ሊደግም፣ ትሮፖኒን የሚባለውን የደም ምርመራም በሰዓታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሊያዝዝ ይችላል። እባካችሁ «ገንዘቤን ሊያስጨርሰኝ ነው» ብላችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ።

እንግዲህ ልብ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ እገባለሁ።

የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ ተነስቶ እስከ ጨጓራ የሚወርድ፣ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጡንቻ ቱቦ ነው። በደረት ውስጥ ሲያልፍ ልክ ከልብ ጀርባ ነው የሚያልፈው። የሁለቱም የሕመም ስሜት ወደ አከርካሪ ውስጥ የሚገባው በተቀራረቡ ነርቮች በኩል ስለሆነ፣ አእምሯችን ሕመሙ ከየትኛው እንደ መጣ አጥርቶ መለየት ይቸግረዋል። ባለሙያም ቢሆን በመስማት ብቻ ሊለያቸው የማይችልበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው።

በቧንቧው ታችኛ ጫፍ፣ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ አጠገብ፣ ምግብ ሲወርድ የሚከፈትና ከወረደ በኋላ የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ። ጨጓራ ጠንካራ አሲድ ያመነጫል፤ የራሱ ግድግዳ ይህን እንዲችል ሆኖ ተፈጥሯል፤ የምግብ ቧንቧ ግድግዳ ግን አልተፈጠረም። ቀለበቱ ያለ ጊዜው ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለስና ቧንቧውን ያቃጥለዋል። ቃር የምንለው ይህ ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ ይፋጃል፣ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ አንዳንዴም ጎምዛዛ ወይም መራራ ውሃ ወደ አፍ ያመጣል፣ ጎንበስ ስንል ወይም ስንተኛ ይብሳል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ማቃጠሉ ቀርቶ እንደ ልብ ሕመም ያለ ጭንቀትና ክብደት ብቻ ሆኖ ይታያል። በማታ የሚያስል፣ ጠዋት ድምፁ የሚጎረንን ሰውም ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ይህ ከምግብ በኋላ የሚብሰው ለምንድን ነው? ጨጓራ ሲወጠር ያንን ቀለበት የሚያላላ የነርቭ ምላሽ ይነሳል። ስብ የበዛበት ምግብ ደግሞ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ ሰዓታት ይቆያል። እስኪ በዓሎቻችንን አስቡ። በፍቼ ጫምባላላ ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ፣ በፋሲካ ዶሮ ወጥና ቁርጥ፣ በረመዳን ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ እንበላለን። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልነቅፍም፤ በእነዚህ ማዕዶች ዙሪያ ነው ያደግነው፤ ፍቼ ጫምባላላም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ መኩሪያችን ነው። ችግሩ ያለው ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለን ጨጓራ በአንድ መቀመጫ እስከ አንገቱ ሞልተን ወዲያው መጋደማችን ላይ ነው። ቡና የሞላበትን ጀበና አጋድማችሁ ብታስቀምጡት ምን ይሆናል? በጎን ለመተኛት ስንጋደም በጨጓራችን የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ቀለበቱ የላላበት ሰው ደግሞ የጀበናው ውታፍ እንደ ወለቀ ቁጠሩት።

ውፍረት፣ በተለይ የሆድ ውፍረት፣ ጨጓራን ከታች ስለሚጫነው ቃርን ያብሳል። ሲጋራና አልኮል ቀለበቱን ያላላሉ። ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ሆርሞኑም ቀለበቱን ስለሚያላላ፣ ማሕፀኑም እያደገ ሲሄድ ጨጓራን ስለሚገፋ ቃር በብዛት ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይተዋቸዋል፣ ስለዚህ አይስጉ። በአንዳንድ ሰው ደግሞ የጨጓራው የላይኛው ክፍል በመለያው ጡንቻ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ይገባል፤ ይህም ቀለበቱን ያዳክመዋል። ለደም ግፊት የሚሰጡ እንደ ኒፈዲፒን ያሉ መድኃኒቶችም ሊያብሱት ይችላሉ፤ ይህን ሰምታችሁ ግን የግፊት መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ እንጂ።

ቧንቧው ያለ አሲድም ሊያም ይችላል። ጡንቻው ያለ ሥርዓት ሲኮማተር ድንገተኛ፣ ጨምድዶ የሚይዝ፣ ደቂቃዎች የሚቆይ ሕመም ይነሳል፤ በጣም ቀዝቃዛ ወይም በጣም ትኩስ ነገር መጠጣት በአንዳንዶች ላይ ይቀሰቅሰዋል።

አሁን ቆም ብዬ ስለ መዋጥ ልናገር። ከዛሬው ንግግሬ ይበልጥ እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

የሐዋሳ ሰው ነን፤ ዓሣ እንበላለን። በአሞራ ገደል ቆሮሶ ጠብሰው ሲያቀርቡልን በእጃችን እየፈለቀቅን፣ በዳጣ እያጠቀስን፣ እየተጫወትን ነው የምንበላው። አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲቀር ምን እናደርጋለን? ከልጅነታችን የተማርነው ትልቅ ጉርሻ እንጀራ ወይም ደረቅ ዳቦ ሳናኝክ ውጠን እንድንገፋው ነው። አንድ ጎልማሳ በዚሁ መንገድ አጥንቱን «አወረድሁት» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ምራቅ ሲውጥ ደረቱ ውስጥ ይወጋው ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት መጣ። አጥንቱ የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ ወግቶ ገብቶ ነበር። ጉርሻው የገፋው ወደ ጨጓራ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ውስጥ ነው። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ወጥቶለት፣ ለብዙ ቀናት ተኝቶ ታክሞ ዳነ፤ ሆኖም ቀዳዳው ቢሰፋ ኖሮ ምግብና ምራቅ ወደ ደረት ውስጥ ፈስሶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችል ነበር። እባካችሁ፣ በተለይ እናቶች፣ ለልጆቻችን ይህን አናስተምር። አጥንት ተሰክቶ ከቀረ ጉርሻ አትግፉበት፣ ጣትም አትክተቱ፤ የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ሂዱ። ቀጭን የዓሣ አጥንት በተራ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላልና «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብላችሁም ሕመሙ ከቀጠለ ተመለሱ።

ክኒንም እንደዚሁ ያቆስላል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ፣ የብረት ክኒን፣ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች በአንድ ጉንጭ ውሃ ተውጠው ወዲያው ከተተኛ ቧንቧው መሃል ላይ ቆመው ግድግዳውን ያቃጥላሉ፤ በማግስቱ ሰውየው ውሃ ሲውጥ እንኳ ደረቱን ያመዋል። ክኒን የሚዋጠው ተቀምጦ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ በመቆየት ነው።

ሌላው፣ ምግብ ደረት ላይ የሚቆምበት ሰው ነው። እዚህ ላይ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የሚቆመው ጠጣሩ ነው ወይስ ፈሳሹም? ከመጀመሪያው ጀምሮ ውሃውም ምግቡም እኩል የሚያስቸግር ከሆነ፣ የታችኛውን ቀለበት የሚያላሉት ነርቮች ጠፍተው ቀለበቱ አልከፈት የሚልበት አካሌዥያ የሚባል ሕመም ይጠረጠራል፤ ይህም በኢንዶስኮፒ በማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና ይረዳል። በመጀመሪያ ሥጋና ዳቦ፣ ከሳምንታት በኋላ እንጀራ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻም ውሃ እያለ የሚሄድ ከሆነ፣ ሰውየውም የሚከሳ ከሆነ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መኖር አለመኖሩ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ በሚዘረጋው የአህጉሩ ምሥራቃዊ ክፍል የዚህ ካንሰር ብዛት ከፍተኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በአገራችንም ከአርሲና ከባሌ በብዛት የሚመጣ በሽታ መሆኑን የካንሰር ሐኪሞች ሁሉ ያውቃሉ። ሻሸመኔን አልፎ ወደ እኛ ከተማ ለሕክምና የሚመጣው ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ውሃ እንኳ መዋጥ ካቃተው በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት በተልባና በሽሮፕ አሳልፏቸዋል። እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያ የባከነ ጊዜ ነው መዳን ይቻልበት የነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ መጠጣት ለሰው ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድቦታል። ስለዚህ ቡናና ሻይ ከእሳት እንደ ወረደ፣ ገንፎም እንፋሎቱ ሳይበርድ ለመዋጥ አንሽቀዳደም፤ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ጣዕሙ አይጠፋም።

ወደ ጨጓራ ልውረድ። እንግዲህ «ጨጓራ ነው» ያለው ሰው ትክክል የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። የጨጓራና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቁስለት ከእምብርት በላይ፣ ከደረት አጥንት በታች ያማል፤ ሕመሙም ወደ ደረት ሊወጣ ይችላል። የጨጓራው ቁስለት ብዙውን ጊዜ ከምግብ በኋላ ቶሎ ይነሳል፤ የአንጀቱ ግን ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ በባዶ ሆድና በሌሊት ይነሳና ሲበሉ ይቀልላል። ይህ ልዩነት ጠቋሚ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

ድሮ ቁስለትን የሚያመጣው ጭንቀትና በርበሬ ነው ይባል ነበር። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በፐርዝ ከተማ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ አግኝተው ለብቻው ለማብቀል የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ብዙዎች ስላላመኗቸው ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በርበሬና ሚጥሚጣ የቆሰለን ጨጓራ ያሳምማሉ፤ ቁስሉን ግን በአብዛኛው የሚያመጡት ይህ ባክቴሪያና የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ ይገዛሉ። ለወገብ ተብሎ ለወራት የተዋጠ ዲክሎፌናክ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሕመም ጨጓራን አድምቶ ሰው ሲጥል አይቻለሁ፤ ባለ ዕድሜዎች በተለይ ተጠንቀቁ።

ባክቴሪያው በዓለም ላይ ከግማሽ ያላነሰ ሕዝብ ይዞ እንደሚገኝ ሲገመት ቆይቷል፤ ብዙዎቹን አያሳምማቸውም። ስለ ምርመራው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በደም የሚደረገው ምርመራ ከዓመታት በፊት የነበረውንም ስለሚያሳይ አሁን መኖሩን አያረጋግጥም፤ የሰገራው ወይም የትንፋሹ ምርመራ ይሻላል። ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ብትመረመሩ ደግሞ እያለ የለም ሊል ስለሚችል፣ ሐኪማችሁ ከፈቀደ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይቋረጣል። ባክቴሪያውን የሚያጠፋው መድኃኒት ሲታዘዝም ስለ ቀለላችሁ በአምስተኛው ቀን አትተዉት፤ የታዘዘውን፣ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን፣ ጨርሱ።

ሐሞትን ደግሞ በእኅቴ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እሷም እንድናገር ፈቅዳልኛለች። አራት ልጆች የወለደች ናት። ዶሮ ወጥ ወይም ክትፎ በበላች ቁጥር ከአንድ ሰዓት በኋላ ከደረቷ ሥር የሚጀምር፣ በቀኝ በኩል ወደ ትከሻዋ መጋጠሚያ የሚሄድ፣ ሰዓታት ቆይቶ የሚለቅ ጽኑ ሕመም ይይዛት ነበር። በጾም ወራት ግን ደህና ነበረች። እኔ በሌላ ከተማ በምማርበት ጊዜ ለዓመታት የጨጓራ መድኃኒት ስትወስድ ኖራለች፤ አንድም ቀን አልረዳትም። በዓል በመጣ ቁጥር ለሁሉ አቅርባ እሷ ሽሮ ይዛ ጥግ ትቀመጥ ነበር። በመጨረሻ የሆድ አልትራሳውንድ ተነሣች፤ የሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ተሞልቶ ተገኘ። ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ ያ ሕመም አልተመለሰም። ሐሞት ከረጢት ቅባት ሲመጣለት ይኮማተራል፤ ጠጠሩ መውጫውን ሲዘጋው ሕመሙ ይነሳል። በሴቶች፣ ደጋግመው በወለዱና ክብደታቸውን በፍጥነት በቀነሱ ሰዎች ላይ ይበዛል። ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ሲሆን ወይም ዓይን ቢጫ ሲሆን ግን ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም፤ ወዲያው መሄድ ያስፈልጋል።

ጠጠሩ ወርዶ የቆሽትን መውጫ ሲዘጋ፣ ወይም ሰው አረቄ ሲያበዛ፣ ቆሽት ይቆጣል፤ ሕመሙ ከደረት ሥር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጀርባ ይዘልቃል፣ ትውከቱም አያቆምም። ይህም በቤት የሚታከም አይደለም። ከብዙ መብልና መጠጥ በኋላ በኃይል አስታውኮ ወዲያው ደረቱን አጥብቆ ያመመው ሰውም የምግብ ቧንቧው ተተርትሮ ሊሆን ይችላል። የኔዘርላንዱ ሐኪም ሄርማን ቡርሃፈ እ.ኤ.አ. በ1724 የጻፈው፣ ከግብዣ በኋላ ሊያስታውክ ሲታገል ቧንቧው ተቀዶ የሞተ የባሕር ኃይል አዛዥ ታሪክ ይህ ነው። በዚያ ዘመን መፍትሔ አልነበረውም፤ ዛሬ በቶሎ ከደረሰ ቀዶ ሕክምና አለው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል በተግባር ስለምናደርገው ነው።

ቃር ያለባችሁ ማታ ከበላችሁ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሳትተኙ ቆዩ፤ ምሽት 2 ሰዓት ላይ የበላ ሰው ከ5 ሰዓት በፊት አይጋደም። የአልጋችሁን የራስጌ እግሮች በጡብ ወይም በእንጨት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፈው አይተካውም። በግራ ጎን መተኛት ከቀኝ ይሻላል። ጾም ስትፈቱ በትንሹ ጀምሩ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ብትቀጥሉ ማንም አይቀማችሁም። ቡና ለሁሉ ሰው ክልክል አይደለም፤ ለአንዱ ይስማማል፣ ሌላውን ያቃጥላል፤ ራሳችሁን ታዘቡ። ወተት ለጊዜው ያቀዘቅዛል፣ ቆይቶ ግን ጨጓራን ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሳሳዋልና መድኃኒት አድርጋችሁ አትያዙት። አምቦ ውሃ ጠጥቶ ማግሳት ሆድን የሚያቀል ቢመስልም፣ ጋዙ ጨጓራን እየወጠረ ቃሩን የሚያብስባቸው ሰዎች አሉ። ኦሜፕራዞል ከታዘዘላችሁ ሲያማችሁ ሳይሆን በየቀኑ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ውሰዱ፤ ከምግብ በኋላ የተዋጠው ኃይሉ ይቀንሳል። ለሳምንታት ወስዳችሁ ካልተሻላችሁ ሁለተኛ ካርቶን ከመግዛት ተመርመሩ።

መዋጥ የከበደው፣ ሳያስበው የከሳ፣ ደም ያስታወከ ወይም ሰገራው ጥቁርና የሚያጣብቅ የሆነ፣ ደም ማነስ የተገኘበት፣ ዕድሜው ከሃምሳዎቹ አጋማሽ አልፎ ሕመሙ አዲስ የጀመረው ሰው ኢንዶስኮፒ ሊታዘዝለት ይገባል፤ ፈርቶ አይቅር።

ደረት ላይ ክብደት ወይም ጭንቀት ሆኖ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከራስ መሳት ጋር ከመጣ፣ ወይም ወደ ክንድ፣ ወደ አንገትና ወደ መንጋጋ ከሄደ ግን ምን እንደ በላችሁ አታስቡ። ውጋት ነው ብላችሁ በቅቤ አትሹት፤ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ከሰፈር አታስወጉ። ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ፤ እሱ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ፤ ሕመምተኛው ግን ራሱ አይንዳ፣ በእግሩም አይሂድ። ስኳር ያለባቸውና ሴቶች ሕመሙ ሳይጎላ በድካም፣ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣባቸው ስለሚችል፣ ለእነሱ ጥርጣሬያችሁ ይበልጥ የቀረበ ይሁን።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር። ሕመሙ ከበላችሁ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚነሳ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ የት እንደሚሄድ፣ ስትራመዱ ይነሳ እንደሆነ፣ ስትውጡ ይብስ እንደሆነ ለአንድ ሳምንት በደብተር ጻፉ፤ መጻፍ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸው ይጻፉላቸው። ያ አንድ ገጽ ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ የበለጠ ሊነግረው ይችላል።

የቀረው ጊዜ የጥያቄ ነው፤ በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ በኋላ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙኛላችሁ። የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ። ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ የሆናችሁና ስትራመዱ ደረታችሁን የሚያማችሁ፣ እንዲሁም ምግብ አልወርድ የሚላችሁ፣ እባካችሁ ቀድማችሁ ተሰለፉ።